ጠረጋ ሦስት

በ2081 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ሆስፒታል የተኛን ሰው «እንዴት ነህ?» ብሎ መጠየቅ ቀርቷል። የሚባለው «እስከ የት ፈቀዱልህ?» ነው። ታማሚው «እስከ ቆዳ» ወይም «እስከ ስብ» ብሎ ይመልሳል። ጠያቂውም ያመጣውን ብርቱካን ከራስጌው ያስቀምጥና «እሱ መች አነሰ!» እያለ ያጽናናል፤ ትንሽ ተቀምጦ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቹ አውርቶ ይሄዳል። የድሮ ሰው ይህን ቢሰማ ይገርመው ይሆናል። የኮምቦልቻ ሰው ግን ማንኛውንም ነገር በሁለት ሳምንት የሚለምድ ሕዝብ ነው፤ ጨረቃ ብትወድቅበት በሦስተኛው ቀን አጥር ያጥርላታል።

ጥያቄው ወደ ከተማው የገባው በአንድ ሕንጻ በኩል ነው። ሕንጻው ቀለሙ አረንጓዴ ስለሆነ ሁሉም አረንጓዴው ሆስፒታል ይለዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ኮድ ሰጪዎቹ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ታማሚውን ያይና ያየውን ይናገራል፤ ኮድ ሰጪው የሐኪሙን ቃል ወደ ቁጥር ለውጦ ለመርማሪው ይልካል፤ መርማሪው ከፈቀደ ክንዱ ይቆርጣል። መርማሪው ሰው አይደለም። ክንዱም ከማንም ትከሻ ላይ የበቀለ አይደለም።

የተመረዘ ሥጋን ቆርጦ ማውጣት በኮድ ሰጪዎቹ አነጋገር ጠረጋ ይባላል። ጠረጋ አንድ ቆዳ ነው። ጠረጋ ሁለት ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ነው። ጠረጋ ሦስት ጡንቻ፣ ጠረጋ አራት አጥንት። ከዚያ ወዲያ ጠረጋ የለም፤ ያለው መቁረጥ ነው።

ይመር አሰን የጠረጋ ንጉሥ ነበር። ከጅቡቲ ወደብ እስከ ሞያሌ ያለ ኮድ ሰጪ ሁሉ ቢሰለፍ፣ ይመር በግራ እጁ ሻይ እየጠጣ በቀኙ ይቀድማቸዋል። ይህን ያለው ራሱ ይመር ነው፤ ይሁን እንጂ እስካሁን ያስተባበለው ሰው አልተገኘም። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሆዱ ከጠረጴዛው ቀድሞ የሚደርስ፣ ዓይኑ ሁልጊዜ የሆነ ተንኮል የሚያስብ የሚመስል ሰው ነው። ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ እንደሆነ፣ ከመውረዱ በፊት የታክሲው ሰው በሙሉ የላከው ኮድ አንዴም ተመልሶ እንደማያውቅ ይሰማል። ይህኛው ደግሞ እውነት ነው። አንድም አልተመለሰበትም።

ያልተመለሰበት ግን በማቅለል ነው። ማቅለል የአራተኛ ፎቅ ሙያ ነበር። ቢላው በሰው እጅ በነበረበት ዘመን፣ ጠረጋ ሦስት ተብሎ የተላከ ታማሚ ጉዳዩ ወደ ላይ ይወጣና በሐምሌ የገባው ለኅዳር ይፈቀድለታል፤ ቁስሉ ግን ኅዳርን ስለማይጠብቅ እግሩ ይቆረጣል። ጠረጋ ሁለት ግን በር ሳያንኳኳ ያልፋል። ስለዚህ ሐኪሙ እስከ ጡንቻው ይቆርጣል፣ ይመር «ሁለት» ብሎ ይልካል፣ ታማሚው በእግሩ ይወጣል። የታማሚው ዘመዶች ይመርን አቅፈው ይስሙታል፤ እሱም እየሳመ «ምን አላት፣ እኔ እያለሁ!» ይላል። ነገሩ ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም ከተማው ውስጥ ከዚህ የተሻለ በጎ ሥራ የሠራ የለም፤ ስንት እግር፣ ስንት ክንድ፣ ስንት የቤት አባወራ በይመር ጣት ድኗል።

ከዚያ፣ ባለፈው ዓመት፣ ክንዶቹ መጡ። ክንዱ የሚሄደው ኮዱ እስካለው ድረስ ነው። ሁለት ከተባለ ስቡን ይጠርጋል፣ ከስቡ ሥር እሳት ቢነድድም አንዲት ፀጉር ታህል አይጨምርም። ይመር ግን በለመደው ቀጠለ። ሐኪም ሦስት ሲል እሱ ሁለት ይልካል፣ ይፈቀድለታል። ታማሚው ተመልሶ ሲመጣ ዳግመኛ ሁለት ይልክለታል። ሦስተኛ ሲመጣም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ የታማሚው ቁጥር በጠረጋ በኩል አይመጣም። ይመር «ዳነ» ይልና ሻዩን ያዛል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚታየው ቁጥር እንጂ እግር አይደለም።

ሚስቱ ሉባባ ሰይድ የአንጋፋዎች ሊግ ዳኛ ናት። የኮምቦልቻ ጎልማሶች ከፖሊስ ይልቅ የእሷን ፊሽካ ይፈራሉ። የገዛ ባሏን፣ ያውም በተጋቡ በሳምንቱ፣ በረኛ ሆኖ ሲከራከራት በቀይ ካርድ አስወጥታዋለች፤ ይመር ይህን ሲያወራ ካርዱን ከነነፋሱ ያሳያል። ስኳር አለባት። እግሯ መስማት ካቆመ ቆይቷል። አንድ እሑድ ሜዳው ላይ የወደቀ ምስማር ጫማዋን በስቶ ገባ፤ እሷ አላወቀችም። ምስማሩን እግሯ ውስጥ ይዛ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አጫወተች፤ ጭማሪ ሰዓትም ሰጠች።

ከሳምንት በኋላ ሳሎን ቁጭ ብለው ሳለ ሉባባ አየሩን አሸተተች።

«ይመር፣ እግሬ ይሸታል።»

«የእግርሽ አይደለም፣ ቦርከና ነው። ቦርከና ሲገማ እኮ ደሴ ያለ ሰው መስኮት ይዘጋል።»

«ኧረ ወዲያ! የወንዝና የእግር ሽታ አልለይም? ና እየው።»

ተንበርክኮ አየው። ካልሲው ሲወልቅ አብሮት የመጣ ነገር ነበር። ይመር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውን ከማጋነን ይልቅ ማሳነስ ፈለገ።

«ትንሽ ጠቁራለች» አለ።

«አንተ ትንሽ ካልክማ አለቀልኝ» አለች ሉባባ፣ ጫማዋንም ጠየቀች።

አረንጓዴው ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ማኅደር እግሩን በመብራቱ ሥር አዟዟሩት። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመታቸው አጭር፣ ቀዶ ሐኪም ተብለው የሚጠሩ ሴት ናቸው። ቢላ ካስቀመጡ ዓመት ሆኗቸዋል። የዛሬ ሥራቸው ማየትና ያዩትን ለኮድ ሰጪ መናገር ነው። በጓንት የተሸፈነ ጣታቸውን ጥቁሩ ዙሪያ አስኬዱት።

«ሦስት ነው» አሉ። «ጡንቻው ውስጥ ገብቷል። አጥንቱ ግን ገና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የተበላሸው የመዳፌን ግማሽ አያክልም። ድሮ ቢሆን ከምሳ በፊት ጨርሼ፣ ምሳዬንም አብሬያት በበላሁ።»

«ዛሬስ?» አለች ሉባባ።

«ዛሬማ ባልሽ ያውቃል።»

ይመር ደረቱን ነፋ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ሁሉ እሱ ብቻ ነበር ፈገግ ያለው። «ሉቤ፣ ሻሽሽን ሳታስተካክዪ አልቋል። የማን ሚስት እንደሆንሽ ረሳሽው? መርማሪው ስሜን ሲያይ ከወንበሩ ይነሣል እኮ።»

«ወንበር አለው እንዴ?»

«ለእኔ ሲል ገዝቷል።»

አራተኛ ፎቅ ወጣ። ሁለት ሊል ነበር፤ ጣቱ ራሱ ወደ ሁለት ሄዶ ነበር። የካልሲው ነገር ትዝ አለውና ጣቱን መለሰው። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን፣ ሦስትን ላከ።

መርማሪውን ኮድ ሰጪዎቹ አያ ልኩ ይሉታል። ድምፁ የተረጋጋ የወሎ ጎልማሳ ድምፅ ነው፤ ለከተማው እንዲስማማ ተደርጎ ነው የመጣው። ሰላምታ ሳያሟላ ወደ ጉዳይ አይገባም።

«አቶ ይመር፣ እንደምን ዋሉ? ቤተሰብ ደህና?» አለ አያ ልኩ። «የላኩት ጠረጋ ሦስት ተመልሷል።»

ይመር ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ፤ ሌላ ይመር የተቀመጠ መስሎት።

«ምን ሆኖ ነው የሚመለሰው?»

«በኮምቦልቻ የእግር ቁስል እስከ ጡንቻ ዘልቆ አያውቅም። በብዙ ዓመት መዝገብ ከስብ ያለፈ አልታየም። ይህን ካረጋገጡልን ምስክሮች ዋነኛው እርስዎ ነዎት። ስለ ትጋትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ጠረጋ ሁለት ቢልኩ አሁኑኑ ይፈቀዳል።»

ከአጠገቡ ያለው ከድር ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። ከድር ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አብሮት ሃያ ዓመት የተቀመጠ ባልደረባው ነው።

«ሦስት ላክህ እንዴ?» አለ።

«መለሰብኝ! እኔ ላይ! ይመር ላይ!»

«ሁላችንም ላይ ይመልሳል። ክንዶቹ ከመጡ ጀምሮ ሦስት ያለፈለት የለም። አንተ ሞክረህ ስለማታውቅ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተን ማን ነግሮህ ያውቃል?» አለ ከድር። «አፍህ መች ክፍት ቦታ ይሰጣል።»

ይመር ደሴ ሊወስዳት አሰበ። ከድር ራሱን ነቀነቀ። መርማሪው አንድ ነው፤ ታማሚውን የሚመዝነው በሚኖርበት ከተማ ነው። ሉባባ ደሴም ብትሄድ፣ ባሌም ብትሄድ የኮምቦልቻ እግር ይዛ ነው የምትሄደው።

ስለዚህ ይመር ሁለት ላከ። የፈቃዱ አረንጓዴ ብርሃን በራ። ሉባባን ወደ መስታወቱ ክፍል አስገቧት፤ እሱና ዶክተር ማኅደር ከውጭ ቆመው አዩ። ክንዱ በጣም ቆንጆ ይሠራል፤ ሙሽራ የሚኩል ይመስላል። ቆዳውን ከፈተ፣ ቢጫውን ስብ እየነጠለ አነሣ፣ ጠረገ፣ አጠበ። ከሥሩ ጥቁሩ ታየ። ክንዱ ከጥቁሩ በላይ ትንሽ አንዣበበና ቆመ። ከዚያ ታጠፈ።

«ያው!» ጮኹ ዶክተር ማኅደር፣ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው። «ያው እዚያ ጋ ነው! አንድ ጊዜ ገባ ቢል እኮ…»

ክንዱ አልሰማም። ሰምቶም ቢሆን ሁለት ነው።

«ዶክተር፣ እርስዎ ይግቡ» አለ ይመር። «በሩን እኔ እይዛለሁ። ዘበኛው ጓደኛዬ ነው፤ ዘበኞቹ ሁሉ ጓደኞቼ ናቸው። ከተማው በሙሉ ጓደኛዬ ነው!»

«በሩ መች ቸገረኝ። ቢላው፣ ማደንዘዣው፣ ደም ማቆሚያው፣ ሁሉም የሚከፈተው በኮዱ ነው። ያለ እነሱ በኩሽና ቢላ ጡንቻዋን ልክፈትና ደሟ ሲፈስ ቆሜ ልይ?»

ይመር ፊቱን ወደ መስታወቱ መለሰ።

በማግስቱ ጥቁሩ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ተጠጋ። ይመር እንደገና ሁለት ላከ፤ አለፈ። ክንዱ ቀድሞ የጠረገውን ንጹሕ ቦታ ዳግመኛ ጠረገ፣ ከጥቁሩ በላይ ቆመ፣ ታጠፈ። ሉባባ ትኩሳት ያዛት። ጠያቂዎች ብርቱካን ይዘው መጡ፤ የአንጋፋዎቹ ሊግ አምበል ራሱ መጣ።

«እስከ የት ፈቀዱልሽ፣ ሉባባ?»

«እስከ ስብ።»

«እሱ መች አነሰ!» አለ አምበሉ፤ ቀጥሎም ያለፈው ሳምንት ፍፁም ቅጣት ምት ልክ አልነበረም ብሎ ተከራከራት። እሷም ካልጋዋ ሆና በጣቷ ከክፍሉ አስወጣችው።

አምበሉ ሲወጣ ከድር ገባ። ይመርን ወደ ኮሪደሩ ጠራው።

«አንድ መንገድ አለ» አለው። «ቃል መስጫ ክፍል። ለአንድ ታማሚ አንድ ቃል ይሰማል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ገብተህ ያለፈውን ተናገር። ስናቀል ነበር በል። መዝገባችን የተሳሳተ ነው በል። ካመነህ ሦስት ይፈቅዳል።»

«ካመነህ ማለት ምን ማለት ነው? ከእኔ በላይ የሚታመን ማን አለ?»

ከድር ገፋ አድርጎ ወደ ክፍሉ መለሰው።

ሉባባ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ይመር ሲገባ እጁን ያዘችው። እጇ እንደ ምድጃ ይፋጃል።

«ይመር፣ የኔ ጌታ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ሳትጨምር ተናገር።»

«እኔ መቼ ነው የምጨምረው?»

«ሠርጋችን ላይ ስንት ሰው ነበር?»

«ሦስት ሺህ።»

«ድንኳኑ ስንት ሰው ይይዝ ነበር?»

ይመር ጣሪያውን አየ።

«ወላሂ አልጨምርም» አለ።

ቃል መስጫው ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ ወንበርና ግድግዳው ላይ አንድ ትንሽ መብራት ብቻ። ይመር ተቀመጠ። በረኛ ሆኖ እንኳ እንደዚያ ላብ አላጠመቀውም። አያ ልኩ ሰላምታውን አሟላ፤ የሉባባን ጤና ጠየቀ፣ ምሕረት ተመኘላት። ከዚያ «ይቀጥሉ» አለ።

ይመርም ቀጠለ። ያለ አንዳች ጭማሪ ተናገረ። ሐኪሞች ሦስት ሲሉ ሁለት ይልክ እንደነበረ፣ ታማሚው ወረፋ እንዳይጠብቅ ብሎ እንደሆነ፣ ከተማው ውስጥ እስከ ጡንቻ የዘለቀ ቁስል እንደ አሸ… ቃሉን ከአፉ መለሰና «እንደነበረ» ብሎ ጨረሰው። በሩ ሥር ጆሮውን የለጠፈው ከድር፣ ይመር እንዲህ ሲናገር ሰምቶ አያውቅምና ሌላ ሰው የገባ መስሎት ነበር።

«ቃልዎ ከባድ ነው» አለ አያ ልኩ። «ግልጽ ስለሆኑ እናመሰግናለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀራል። ስንት ጊዜ አቅልለዋል?»

ይመር አያውቅም። ቆጥሮ አያውቅም፤ የሚቆጥር ሰውም አይደለም። «አላውቅም» ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ያች በትኩሳት የምትፋጅ እጅ በሐሳቡ መጣች፤ ነገሩ እንዲከብድ፣ እንዲታመን፣ ግድግዳውን እንዲያንቀጠቅጥ ፈለገ። ትንሽ ቁጥር ሚስቱን የሚያድን አልመሰለውም።

«ሃምሳ ሺህ ጊዜ!» አለ፣ ደረቱን እየመታ። «ሃምሳ ሺህ ጊዜ ዋሽቻለሁ!»

መብራቱ ብልጭ አለ።

«በኮምቦልቻ እስከ ዛሬ የተደረገው ጠረጋ በሙሉ፣ በሁሉም ኮድ ሰጪዎች፣ ከዚህ ቁጥር ያንሳል» አለ አያ ልኩ፣ ያንኑ የተረጋጋ ድምፁን ይዞ። «ቃልዎ የተጋነነ ሆኖ ስለተገኘ አልተመዘገበም። መዝገቡ እንዳለ ይጸናል። ለወይዘሮ ሉባባ ምሕረት እንመኛለን።»

«ቆይ! አምስት ሺህ! አንድ ሺህ በለው! አያ ልኩ… አቶ መርማሪ… እንደው አንድ ጊዜ ይሁን! አንድ ጊዜስ አልዋሽም?»

መብራቱ ጠፍቶ ነበር።

ውጭ ከድር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ይመር ሲወጣ ከድር ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ምነው ይመር። ምነው አላውቅም ብትል።»

ይመር ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀመጠ፤ ያ ሁሉ ሆድ ያለው ሰው እንደ ባዶ ጆንያ እጥፍ ብሎ ነበር የተቀመጠው።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ማኅደር ከአልጋው ራስጌ ቆሙ። ከግድግዳው የሚመጣው የአያ ልኩ ድምፅ ቀድሟቸው ነበር፤ ሳይጠየቅ፣ በትሕትና፣ አማራጭ አቅርቧል። ከጉልበት በታች መቁረጥ በኮምቦልቻ የተለመደና በብዙ ምስክር የተረጋገጠ ሕክምና ነው፤ ቢላክ ያለ ምርመራ ይፈቀዳል።

«ይሄን ደግሞ እንዴት አመነ?» አለች ሉባባ። ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗ ግን እንደ ሜዳ ቀኗ ነው።

ይመር ያውቅ ነበር። ጠረጋን ማቅለል ይቻላል፤ የተቆረጠ እግር ግን አይቀልም። ግማሽ ተቆረጠ ተብሎ አይላክም። ወረፋ ሲጠብቁ የቆዩ ሰዎች፣ ክንዶቹ ከመጡ ወዲህ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ «ሁለት» ከተላከላቸው በኋላ በጠረጋ በኩል ያልመጡት ሰዎች፣ በዚህ በኩል መጥተው ነበር። እሱ ራሱ፣ ከጠረጋው ቁጥር ጋር ሳያገናኛቸው፣ ልኳቸዋል፤ አንድም ሳያሳንስ። አያ ልኩ ከኮምቦልቻ የሰማው ብቸኛ እውነት ይህ ነው።

«ብንጠብቅስ፣ ዶክተር?» አለ።

«ትኩሳቷ ደሟ ውስጥ እየገባ መሆኑን ነው የሚነግረኝ። ዛሬ እግር ነው። ነገ ከሆነ ምን እንደምቆርጥ አላውቅም።»

ሉባባ ወደ ይመር ዞረች።

«ላከው።»

«ሉቤ…»

«አትነፋረቅብኝ፤ ተመልካች አለ» አለች፣ በዓይኗ ጥግ ከድርን እያሳየች። «ከድር አይላከው፣ አንተ ላከው። ሌላውን ሁሉ ስታቀል ኖረሃል። ይሄን ማቅለል አትችልም፤ ላከውና ይለቅ።»

«ሜዳው… ሊጉ…»

«ከመስመር ውጭ ቆሜ እነፋለሁ። ፊሽካ በእግር አይነፋም። ሂድ አሁን፣ ከመሞቴ በፊት።»

ይመር አራተኛ ፎቅ የወጣው በደረጃው ነው። አሳንሰሩ ፈጣን ነበርና አልፈለገውም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቁጥሩን ሲጽፍ ጣቱ ቁልፉ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ጣቱን ከማንሣቱ በፊት አረንጓዴው በርቶ ነበር። በሥራ ዘመኑ ከላካቸው ሁሉ የዚህን ያህል ፈጥኖ ያለፈ አልነበረም። ለማንም አላወራውም።

ክንዱ ሥራውን ጨረሰ። ሉባባ ተረፈች፤ ትኩሳቷ በረደ፣ ማደንዘዣው ሳይለቃት ተኝታ ነበር። እግሩን ለቤተሰብ መስጠት የሆስፒታሉ ወግ ነው፤ ሰው የራሱን ሥጋ ይቀብራል። ይመር ሊቀበል ወደ ምድር ቤት ወረደ። ዶክተር ማኅደር እዚያ ቀድመውት ደርሰዋል። ነጩ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል።

«ትንሽ ቆይ» አሉት።

ክፍሉ ከሰው የወጣ ነገር ሁሉ የሚመረመርበት ነው። ግድግዳው ላይ ተራ ቢላዎች ተሰቅለዋል፤ ለሞተ ሥጋ ቢላ አይቆለፍም፣ ኮድም አይጠየቅም። ዶክተር ማኅደር አንዱን አወረዱ። ጓንታቸውን ሳቡ። እግሩን አዙረው፣ ውስጥ እግሩን ወደ ብርሃኑ አደረጉት።

ይመር ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።

ሴትዮዋ ቆረጡ። ክንዱ ሁለት ጊዜ የቆመበት ቦታ ላይ ሳይቆሙ ገቡ፣ ጥቁሩን ዙሪያውን ከጡንቻው ለዩት፣ በመቆንጠጫ ይዘው አወጡትና ከዝርግ ሳሕን ላይ አኖሩት። የዋንዛ ፍሬ ሁለት ሦስት ቢደራረብ ያህል ነው። ውሃ አፈሰሱበት። ከሥሩ ቀይ ጡንቻ፣ ከጡንቻው ሥር ነጭ፣ ምንም ያልነካው አጥንት። እንደገና አዩት፣ ጫፍ ላይ የቀረች አንዲት ጥቁር ነጥብ አገኙ፣ እሷንም አወጡ። ሁሉም ነገር አንድ ሻይ ተቀድቶ እስኪበርድ እንኳ አልወሰደም።

እግሩ ንጹሕ ሆነ። ተረከዙ ሜዳ ለሜዳ በመሮጥ የተሰነጣጠቀ፣ የሁለተኛው ጣት ጥፍር ወደ ጎን የዞረ፣ የሉባባ እግር።

ዶክተር ማኅደር ቢላውን አስቀመጡ። ፋሻ ጎተቱና ቁስሉን መጠቅለል ጀመሩ፤ ከጣቶቹ ተነሥተው ወደ ላይ፣ እንዳይጠብቅ እንዳይላላ እየለኩ፣ ለሚድን ሰው እንደሚጠቀለለው። ጫፉን በፕላስተር አሰሩት። እግሩን በሁለት እጃቸው አንሥተው ለይመር ሰጡት።

«ውሃ እንዳይነካው» አሉ።

«እሺ፣ ዶክተር» አለ ይመር።